ማሙሽን የተቆጣው የትኛው ነው?

እስቲ የታገደውን ቁጠሪልኝ። የላም ወተት ታግዷል፣ እንቁላል ታግዷል፣ ሙዝ ታግዷል፣ ሽሮ ታግዷል፣ ጤፍ እንኳ አልቀረም። ማን ነው ያገደው? አንዱን ላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤትሽ፣ ሌላውን አዲስ አበባ ያሉት እትዬ፣ ሦስተኛውን የኬሚስቱ ልጅ፣ የቀረውን ደግሞ ሌሊት ማሙሽን እያጠባሽ ስልክሽ ላይ ያነበብሽው። አንቺም በሩዝና በሻይ ቀርተሽ የሰባት ወር ልጅ ታጠቢያለሽ። ጉንጩ ላይ ያለው ሽፍታ ግን ይኸው እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ከልክለሽው ካልተሻለው፣ ወይ ጥፋተኛው ከታገዱት ውስጥ የለም፣ ወይ ደግሞ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ጉንጩ ላይ ያለውና ሐሙስ ዕለት ፊቱን ያሳበጠው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። አንድ ላይ ስታሯሩጫቸው ነው የተምታታብሽ።

የሐሙሱን እናስቀድም። ሞግዚቷ፣ ያያዋ፣ እንደነገረችሽ ከሆነ ኡጂ የሚሉትን የኬንያ አጥሚት እየበላ ነበር፤ ጥቂት ማንኪያ እንደ ቀመሰ ከንፈሩ ዙሪያ ጉብ ጉብ አለ፣ ወደ አንገቱና ወደ ሆዱ ወረደ፣ አንዴ አስመለሰው፣ አመሻሹ ላይ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ጠፋ። እንዲህ ያለው ፈጣኑ ቁጣ ነው። ከተበላበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ ቆዳው እያበጠ ያሳክካል፣ ከንፈርና የዓይን ሽፋን ይነፋል፣ ልጁ ያስመልሳል፣ ሲብስ ያስላል፣ ትንፋሹም ሲር ሲር ይላል። ስለዚህ ተጠርጣሪው ከዚያ በፊት ባለው አጭር ጊዜ አፉ የገባ ነገር ብቻ ነው። ረቡዕ የበላው ሙዝ ነፃ ነው። አንቺ ማክሰኞ የጠጣሽው ወተትም እንደዚሁ።

ቀርፋፋው ሌላ ነው፤ ሰዓታት አልፎም ቀናት ይወስዳል፣ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ላይ ነው። ጡት ብቻ እየጠባ ክብደት የሚጨምር፣ የሚስቅ፣ የሚጫወት ሕፃን ዳይፐሩ ላይ የደም ክር ሲታይ አንዱ መነሻ እናቱ የበላችው የላም ወተት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፤ ልጁ ከበላ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ያለማቋረጥ ያስመልሳል፣ ይገረጣል፣ ይዝላል፤ ሽፍታ ግን የለውም። ይህን ብዙ ሰው የሆድ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ያልፈዋል። ከሚያመጡት ምግቦች መካከል ሩዝና አጃ መኖራቸውን ስታውቂ «ሩዝ ማንንም አይነካም» የሚለውን ወሬ ትተዪዋለሽ።

አሁን የኡጂውን ዱቄት ከረጢት አምጪው። አዎ፣ ከነላስቲኩ።

አየሽ? ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ኦሜና። ኦሜና ማለት ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ያቺ ደቃቅ አሳ ናት፤ ደርቃ ተፈጭታ ስትገባ ሽታዋ በስኳሩና በሎሚው ስለሚሸፈን አሳ እንዳበላሽው እንኳ አታውቂም። አንዳንዱ ስንዴም ካሳቫም ይጨምርበታል። ማሙሽ በአንዲት ማንኪያ ከዚህ በፊት ቀምሷቸው የማያውቃቸውን ሦስት አራት ነገሮች ዋጠ፣ ከእነሱም ውስጥ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተርና አሳ በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን በመቆጣት ስማቸው የሚነሳ ናቸው። የቀሩት ስመ ጥሮች የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ እንዲሁም እንደ ካሹና ማካዴሚያ ያሉት የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። ሌላም ምግብ ሊቆጣ ይችላል፤ ሽምብራም ምስርም አለ። የመጀመሪያ ጥርጣሬሽን ግን ከእነዚህ ጀምሪ።

የእኛውም ምጥን ከኡጂው አይሻልም፣ በዚህ እንዳትታበዪ። ከአገር ቤት በሰው የሚላክልሽን የልጅ ዱቄት አስቢው፤ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ ላኪዋ ቸርነት ሰሊጥም ይታከልበታል። ብርቱ ምግብ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ምጥን የሚቀርበው እያንዳንዱ እህል ለብቻው ተቀምሶ ከታወቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጤፉን ለብቻው፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አጃውን፣ ከዚያ ስንዴውን፣ እያለ ይሄዳል። አዲስ ነገር ሲቀምስ ጠዋት ይሁን፤ ማታ ቀምሶ ቢተኛ ማን ያየዋል? ጉንፋን ሲይዘው ወይም ክትባት በተወጋበት ቀንም አይሁን፣ ትኩሳቱና ሽፍታው ከምግቡ ጋር ይደባለቅብሻል።

ፖሾ ሚል፣ ወፍጮ ቤት፣ የሚፈጨው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ያስፈጨሽው ንጹሕ ዳጉሳ ቢሆንም፣ ከአንቺ በፊት የነበረችው ሴት ኦቾሎኒ አስፈጭታ ከሆነ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ከአንቺ ዱቄት ጋር ይወጣል። እንጀራውም እንደዚሁ ነው። ናይሮቢ ጤፍ ውድ ነው፤ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይ ሌላ ዱቄት ይገባበታል። «ጤፍ ተቆጣው» ያልሽው ያኔ ከሱቅ ከገዛሽው እንጀራ ከሆነ፣ ጤፉን ከመክሰስሽ በፊት ጋጋሪዋን ምን እንደምትቀላቅል ጠይቂያት። ልጆች በስንዴ ይነካሉ፤ በጤፍ መነካት ግን ብዙም የሚሰማ አይደለም።

አብሽሽንም ንገሪኝ። ጡት ይሞላል ብለሽ በየቀኑ ትጠጫለሽ፤ እትዬም ለሆዱ ቁርጠት በማንኪያ አቅምሱት ብለውሻል። አብሽ የኦቾሎኒና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ኦቾሎኒ የሚቆጣቸው አንዳንድ ሰዎች አብሽም ይቆጣቸዋል። ግብጦም እንዲሁ። ሐኪሙ ኬንያዊ ከሆነ አብሽን እንደ እኛ መጠጥ አድርጎ አይጠረጥረውም፤ ካልነገርሽው አይጠይቅሽም።

ያያዋን በተመለከተ፣ አትቆጪያት። ልጁ እጇ ላይ ነው ያበጠው፤ የምትፈራው እንጀራዋን ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሆነውን አይናገርም። ማንዳዚ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ በሻይ ነክራ ሰጥታው ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ብስኩት አቀብላው ሊሆን ይችላል። «አሊኩላ ኒኒ?»፣ ምን በላ፣ ብለሽ ዝም ብለሽ ጠይቂያት፣ የወቀሳ ፊት ሳታሳዪ። አንድ ደብተር ግዢና ወጥ ቤት አንጠልጥይው፤ እሷም በስዋሂሊ ትጻፍ፣ አንቺም በአማርኛ። ምን በላ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ወጣበት፣ ስንት ሰዓት ቆየ። የሳሙና ለውጥ፣ መድኃኒት፣ ክትባት፣ አዲስ ልብስም ይገባል። ሽፍታ ሲወጣ በስልክ ይነሳ፤ ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቆዳው ጠርቶ ይሆናልና ፎቶው ነው የሚመሰክርልሽ።

ጡቱን ግን እንዳታቋርጪ። ሐሙስ ለሆነው ያንቺ ምግብ ተጠያቂ አይደለም፤ ልጁ ራሱ በልቶ ነው። ዳይፐሩ ላይ ደም ብታዪ ኖሮ ሐኪሙ ምናልባት የወተት ተዋጽኦን ብቻ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ተዪ ይልሽ ነበር፤ ከዚያ መልሰሽ ትጠጪና ምልክቱ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ታያላችሁ። ያ መልሶ መሞከሩ ነው ዋናው። ወተት ትቼ ተሻለው ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የሕፃን ሆድም ቆዳም በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፣ ይብስበታልም። ይህ መልሶ መሞከር ግን ለቀርፋፋው ዓይነት ነው። እንደ ሐሙሱ ያለውን፣ በደቂቃ ውስጥ ያሳበጠውን፣ «እስቲ እርግጠኛ ልሁን» ብለሽ ቤት ውስጥ ዳግመኛ እንዳታቀምሺው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል።

ስለ ጡት ካነሳን፣ እኛ ሐበሾች ሌላው የሌለው አንድ ፍንጭ አለን፤ ጾማችን። ዐቢይ ጾምን የጾመች አጥቢ እናት 55 ቀን ወተትም ቅቤም እንቁላልም አልቀመሰችም ማለት ነው። አጥቢ ከጾም ነፃ የምትሆንበት መንገድ አለ፣ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ግን ብዙዎቻችን እንደምንጾም አውቃለሁ። «በጾሙ ሆዱ ተሻለው፣ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ተመለሰበት» የምትል እናት ሳታውቀው ሐኪም የሚያዘውን ሙከራ ሠርታለች፤ ቀኑንም ከነመመለሱ ታስታውሰዋለች። ተቃራኒውም አለ። በጾም ወራት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሽሮ ይበዛል፤ ልጁ በጾም ከባሰበት ዓይንሽን ከወተት አንሺና ወደዚያ ተመልከቺ። ረቡዕና ዓርብ ግን ለዚህ አይበቁም፣ ያጥራሉ። ወተት ለሳምንታት የምትተዪ ከሆነም አጥንትሽን አስቢ፤ ስለ ካልሲየም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

አሁን ወደ ጉንጩ እንመለስ። ይህ ችፌ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ደረቅ፣ ሸካራ፣ የሚያሳክክ፣ መጣ ሄደት የሚል፣ ጉንጭና የእጅ እግር ውጪ ላይ የሚወጣ ነገር በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስም የለውም። ስልክሽ ላይ ያየሻቸው ፎቶዎች የነጭ ልጆች ናቸው፤ ቀይ ፍም ይመስላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ወደ ግራጫ፣ ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቀለም ሳይለውጥ ቆዳው ብቻ ሸካራ ይሆናል። ስለዚህ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ፣ በመዳፍሽ ዳሺው።

ችፌን በዋናነት የሚያመጣው ምግብ አይደለም። ቆዳው ራሱ እርጥበት አይዝም፣ ከውጭ የሚመጣውንም አይመልስም። ሰኔና ሐምሌ ናይሮቢ ቀዝቅዛ ስትደርቅ ይብሳል፤ ሽታ ያለው ሳሙናና ፓውደር፣ በጂክ በረኪና የታጠበ አንሶላ፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ኦሞ ይቀሰቅሱታል። ለብ ባለ ውሃ አጭር ጊዜ እጠቢው፣ ጨርቁን ሳታሺ እርጥበቱን አንሺለት፣ ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢው፤ ቀኑንም ድገሚው። ሐኪም ቀለል ያለ የስቴሮይድ ቅባት ካዘዘ አትፍሪው፣ እንደታዘዘው ተጠቀሚበት። ኬሚስቱ በትንሽ ዕቃ ቀላቅሎ የሚሸጠውን፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ግን መልሺለት፤ ብርቱ ስቴሮይድ የሕፃን ቆዳ ያሳሳል።

ቅቤውንም አቁሚ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም በቅቤ ታሽተን ነው ያደግነው። ነገር ግን የተሰነጣጠቀ ቆዳ በር ነው፤ የወተትም የኦቾሎኒም ፕሮቲን በዚያ በር ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይቀበለዋል። በአፍ ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ምግብ ይለምደዋል። ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች ኦቾሎኒ እስከ ሦስት ዓመት እንዳይቀምሱ ይመክር ነበር፤ በ2008 ምክሩን አነሳ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ኦቾሎኒ የሚቆጣቸው እንግሊዝ ውስጥ በአሥር እጥፍ ገደማ በዝተው ተገኙ፤ የእስራኤሎቹ በሕፃንነታቸው የኦቾሎኒ ብስኩት እየበሉ ነው የሚያድጉት። ከዚያ ለንደን ውስጥ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር የሆናቸው፣ ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ተመርጠው፣ ገሚሱ ኦቾሎኒ እንዲበላ ገሚሱ እንዳይነካ ተደረገ። ውጤቱ በ2015 ሲወጣ፣ ቀድመው ከበሉት መካከል በአምስት ዓመታቸው ኦቾሎኒ የሚቆጣቸው ቁጥር ከተከለከሉት ጋር ሲተያይ በ81 በመቶ ቀነሰ።

ስለዚህ «ለማንኛውም ይቅርበት» የሚለው ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ልጁ በደህና የሚበላውን እንቁላል በፍርሃት ብትከለክዪው፣ የሌለበትን አለርጂ ልታመጪበት ትችያለሽ። ማሙሽ ችፌ ስላለበትና ሐሙስ የሆነው ስለሆነ ግን ኦቾሎኒን፣ አኩሪ አተርንና አሳን ሐኪም ሳያየው አትሞክሪ። ለሌላ ልጅ፣ ስድስት ወር ለሞላውና ቆዳው ጤነኛ ለሆነው፣ በውሃ የቀጠነ የኦቾሎኒ ቅቤ ጫፍ ማንኪያ ጥሩ ነው፤ ፍሬው ግን ያንቃል፣ ለትልልቆች ተዪው። ማርም ከዓመት በፊት አይሰጥም፤ እሱ እንኳ ምክንያቱ አለርጂ ሳይሆን ሕፃን ሆድ ውስጥ የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ነው።

አለርጂ የሚመስል ግን ያልሆነ ደግሞ ይህች ከተማ ሞልቷታል። ናይሮቢ ፍላይ የምትባለዋን ታውቂያታለሽ? ጥቁርና ብርቱካንማ፣ ቀጭን፣ ከዝናብ በኋላ ማታ መብራት ተከትላ የምትገባ ጥንዚዛ። አትነክስም፣ አትናደፍም፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ነው ደሟ እንደ እሳት የሚያቃጥለው። በ1997 እና 98 በኤል ኒኞው ዝናብ ጊዜ ከተማዋን ያስጨነቀች እሷ ናት። ቃጠሎው የሚታየው በማግስቱ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ስለሆነ እናቶች ያን ዕለት የበላውን ምግብ ይከሳሉ። አንገት ላይ ወይም ክንድ ላይ እንደ ተሰመረ መስመር ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ካየሽ እሷን አስቢ። ልጁ ላይ ካገኘሻት እፍ ብለሽ አብርሪያት፣ አትጨፍልቂያት፤ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቢው።

ትኋንና ቁንጫም አሉ፤ ንክሻቸው በተርታ ሦስት አራት ሆኖ ይወጣል፣ ሳምንታትም ይቆያል። እከክ ሌሊት ያስለቅሳል፣ መዳፍና የእግር ውስጥ ሳይቀር ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከልጁ ሌላ አንቺንም ያያዋንም ያሳክካችኋል። ማተቡ ሥር ብቻ ያለው ሽፍታ ደግሞ ክሩ ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ ስለሚቀር ነው፤ በደረቅ ክር ቀይሪው። ሴት ልጅ ብትሆን ጆሮዋ ላይ ያለው ርካሽ ጉትቻ ኒኬል እንዳለው እጠረጥር ነበር።

ጤና አዳሙስ? ለዓይን ብለሽ ልብሱ ውስጥ የሸጎጥሽው። ቅጠሉ ቆዳ ላይ ተሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ሰውነቱ ላይ ውሃ ቋጥሮ ጠቁሮ ለወራት ይቆያል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ቀጥታ ሲቀቡ የሕፃን ቆዳ ይልጣሉ። እምነትሽን አልነካም፤ በሩ ላይ ስቀይው።

እትዬ ስላነሱት እንጥል አንድ ቃል ብቻ። ልጁ ያስመለሰው እንጥሉ ወርዶ አይደለም። እዚሁ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም ቢሉሽ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ስንት ሕፃን እንደ በላ ንገሪያቸው፤ ወይም ስልኩን ለእኔ አቀብዪኝ።

አፍንጫው ስለሚፈሰው ብዙ አትጨነቂ። በዚህ ዕድሜ የአፍንጫ ፈሳሽ በአብዛኛው ጉንፋን ነው፤ የአቧራና የአበባ ብናኝ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ሲሉ ነው የሚመጣው። የጂኮው ምድጃ ከሰል፣ ቡና ስታፈዪ የምታጨሺው ዕጣን፣ የዱም ፀረ ተባይ ስፕሬይ አለርጂ ባይሆኑም የሕፃን ሳንባ ያስቆጣሉ፤ ልጁ ባለበት ክፍል አይሁኑ። በዝናቡ ወራት ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ሻጋታ አከራይሽን አስጠርጊው፣ በረሮውንም አጥፊ፤ ሁለቱም አድጎ አስም ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ይህን ካልኩ አይቀር፣ ቡታጅራ ላይ ከ2005 ጀምሮ ከሺህ በላይ እናቶችን ከነልጆቻቸው የተከታተለ ጥናት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመታቸው ፓራሲታሞል የወሰዱ ልጆች ላይ በኋላ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በዝቶ ታየ። መድኃኒቱ ራሱ አምጥቶት ነው ማለት አይደለም፣ የሚታመም ልጅ ነው መድኃኒት የሚወስደው። ግን በትንሽ በትልቁ ሽሮፑን አለማንሳት አይጎዳም።

ምርመራውን በተመለከተ ገንዘብሽን ያዢ። በአንድ ጊዜ የሃምሳ ምግብ ስም የሚያወጣ የደም ምርመራ ልታዢ ነበር አሉ። ተዪው። ፖዘቲቭ ማለት ሰውነቱ ያንን ምግብ ያውቀዋል ማለት ነው እንጂ ይቆጣዋል ማለት አይደለም፤ በሰላም የሚበላውን አሥር ነገር ፖዘቲቭ አውጥቶ እንደገና ያስከለክልሻል። አይ ጂ ጂ የሚሉት ደግሞ ለአለርጂ ጭራሽ አይረባም። የሚጠቅመው ታሪኩ ተሰምቶ፣ የተጠረጠሩት ሦስት ነገሮች ብቻ፣ በቆዳ ጭረት ወይም በአይ ጂ ኢ የደም ምርመራ ሲታዩ ነው። በቆዳ የሚደረገው ውጤት ፒሪቶንና መሰል የአለርጂ መድኃኒቶችን ከወሰደ ይዛባል። ፒሪቶን ደግሞ ከዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም አይሰጥም፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው።

ወተቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የፍየል ወተት መፍትሔ አይደለም። የላም ወተት የሚቆጣቸው ልጆች አብዛኛዎቹ በፍየሉም ይነካሉ፤ ፕሮቲኑ በጣም ይመሳሰላል። ኢስሊ በየሱቁ የሚሸጠው የግመል ወተት ከላሙ ይለያል፣ እውነት ነው። ግን ለሕፃን የሚበቃ ምግብ አይደለም፣ ሳይፈላ ከተጠጣም ብሩሴላ ያመጣል። የጣሳ ወተት ከተፈለገ ፕሮቲኑ የተፈጨለት ልዩ ዓይነት አለ፤ ውድ ነው፣ ያለ ሐኪም አይጀመርም። አንቺ ግን እያጠባሽ ነው፤ ይህ ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል። ከክሊኒኩ የተሰጠሽን የእናትና ልጅ ደብተርም ገልጠሽ እይው፤ የክብደቱ መስመር እየወጣ ከሆነ ጊዜ አለን። ከወረደ ወይም ከቆመ ግን ለሐኪሙ መጀመሪያ የምታሳዪው እሱን ይሁን።

አሁን በደንብ ስሚኝ። እንደገና ቢያብጥና ለቅሶው ከጎረነነ፣ ሳሉ ካልቆመ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ገርጥቶ ክንድሽ ላይ ዝልል ካለ፣ ኬሚስት አትሂጂ። በደረትሽ አቁመሽ አትያዢው፣ አስተኝተሽ ያዢው፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ከፍ አድርጊው። የምትወጂውን ሆስፒታል ፍለጋ ጃም ውስጥ አትግቢ፣ ድንገተኛ ክፍል ያለውን የቅርቡን አስቢ፤ ዛሬውኑ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ለያያዋም አሳዪያት። «አለርጂ ነው፣ አድሬናሊን» በይ፤ ጭኑ ላይ የሚወጋ ነው፣ ቶሎ ሲሰጥ ይሠራል። ቢሻለውም ለሰዓታት አቆዩት፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና።

ማክሰኞ ሙታይጋ ወደ ገርትሩድ የሕፃናት ሆስፒታል ስትሄዱ ከረጢቱን ያዢ፣ ዱቄቱም ትንሽ ይኑርበት። ፎቶዎቹን፣ ደብተሩን፣ የምትቀቢውን ቅባት ከነዕቃው፣ አብሹንም። እስከዚያ ኡጂው ይቁም። ከሐሙስ በፊት ደጋግሞ በሰላም የበላውን፣ ሙዙንም እቤት የጋገርሽውን የጤፍ እንጀራም፣ ዛሬ ማታ መልሺለት፤ አንቺም ሽሮሽን ሠርተሽ ብዪ። ያያዋን ይዘሻት ሂጂ። ማንኪያውን የያዘችው እሷ ናት፤ ሐኪሙ «ከስንተኛው ማንኪያ በኋላ?» ብሎ ሲጠይቅ የምትመልሰው እሷ እንጂ አንቺ አይደለሽም።